አክተሩ አይሞትም፤ ምስክሩስ?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ፊልሞች የጻፈውን አነበብን። አንዳንዶቻችን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ አንዳንዶቻችን ዶርም ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ በስልክ ብርሃን እየተቀባበልን፣ ቀለሙ ጣታችንን እስኪያጠቁረው ድረስ አነበብነው። የወንድማችን አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሙስና በነገሠበትና ሕዝብ ሊነሣ በደረሰበት አገር የሚፈጸም የወንጀል ታሪክ የዘመናችን ትልቁ የፖለቲካ ትምህርት ቤት ነው ይላል። ስለዚህ እኛም የራሳችንን እንሥራ፤ ሐይቅ ዳር፣ አምባሰል ሥር ካሜራ እንትከል፤ ሬሳው ከሐይቁ ይውጣ፣ መርማሪው ከደሴ ይምጣ፣ ሌባው ሹም በመጨረሻ ተመትቶ ከገደሉ ይውደቅ ይላል።

እኛ ለዚህ ጽሑፍ መልስ አለን። ግማሹን እንቀበላለን። ግማሹን ግን አንቀበልም፤ የማንቀበልበትንም ምክንያት እነሆ በግልጽ እንናገራለን። ወንድማችን አይቀየመን። ክርክር ጠብ አይደለም።

በቅድሚያ ከወንድማችን ጎን ቆመን የምንመክተው ወገን አለ። «የወንጀል ፊልም የሥራ ፈት መዝናኛ ነው፤ ተኩስና ሩጫ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ቀለም ማፍሰስ የለበትም» የሚሉን አሉ። እነዚህ ሰዎች ቪዲዮ ቤት ገብተው አያውቁም። እኛ ገብተናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከደሴ ሚኒባስ ተሳፍረን ሐይቅ ከተማ ወርደን፣ ለዓሣ ጥብሱ ኪሳችን ሲያጥር በርሱ ፈንታ ቪዲዮ ቤት ገብተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀምጠናል። ቤቱ እንደ ድሮው አይሞላም፤ ስልክ በየኪሱ ገብቷል። ቢሆንም ትርጉም ፊልም ሲሆን ሰው አይጠፋም። ተርጓሚው ከተዋናዮቹ በላይ ይናገራል፤ ሲያሻው ይቀልዳል፣ ሲያሻው ይመክራል። አክተሩ ከአምስተኛ ፎቅ ሲወረወር የፊት ወንበር ላይ ያሉት ልጆች አይደነግጡም። «አክተር አይሞትም!» ይላሉ። ደግሞም አይሞትም።

እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ታዘብን። በፊልሙ ውስጥ የፖሊስ አዛዡ «ሟች ራሱን ነው የገደለው፤ ፋይሉ ይዘጋ» ብሎ ሲፈርም፣ ገና ስምንተኛ ክፍል ያልደረሰ ልጅ ብድግ ብሎ «ውሸቱን ነው! እሱም በልቷል!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልነገረውም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ልጁ የተማረው ከወንጀል ፊልም ነው። ይህ ትንሽ ነገር ነው ወይ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ባደግንበት አገር፣ የሹሙን መብላት እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ ወንጀል የሚያይ ልጅ ተገኘ ማለት እኮ ነው። ስለዚህ «ርካሽ ነው» ለሚሉት መልሳችን አጭር ነው፤ ርካሹ ነገር የተዘጋ ፋይል እያዩ ዝም ማለት ነው።

ሰሞኑን በፍላሽ እየተቀባበልን ያየነው ፊልም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ትውልዱ ከግብፅ የሆነው የስዊድን አዘጋጅ ታሪቅ ሳሌሕ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የናይል ሂልተን ጉዳይ» ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ካይሮ ላይ፣ የጥር 2011 እ.ኤ.አ. ሕዝባዊ ዓመፅ ሊፈነዳ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። አንዲት ዘፋኝ በሆቴል ክፍል ውስጥ ተገድላ ትገኛለች። መርማሪው ኑረዲን ራሱ ጉቦ ለቃሚ ነው፤ የጣቢያው አዛዥ ደግሞ አጎቱ ነው። የነገሩ ክር ወደ አንድ ባለሀብትና የምክር ቤት አባል ሲመራ ፋይሉ «ራሷን ገደለች» ተብሎ ይዘጋል። መነሻው የእውነት ወንጀል ነው። ሊባኖሳዊቷ ዘፋኝ ሱዛን ተሚም በ2008 እ.ኤ.አ. ዱባይ ውስጥ ስትገደል፣ አስገዳይ ሆኖ የተፈረደበት በግብፅ ገዢ ፓርቲ ውስጥ ትልቅ ስፍራ የነበረው ባለሀብት ነበር። አዘጋጆቹ ፊልሙን ካይሮ ላይ ሊቀርጹ ሲነሡ ባለሥልጣናቱ አስቆሟቸው፤ ካዛብላንካ ሄደው ቀረጹት። ፊልሙን የፈራው መንግሥት ለፊልሙ እውነትነት ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ከወንድማችን ጋር አንድ ነን። ከዚህ በኋላ ግን መንገድ እንለያያለን።

በዚያው ፊልም ውስጥ ሳልዋ የምትባል ሱዳናዊት የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ አለች። የሆነውን ያየችው እሷ ናት። ስደተኛ ናት፤ ወረቀት የላትም፤ ብትናገር ትሞታለች፣ ባትናገርም አትተርፍም። ፊልሙን ጨርሰን ስንወጣ ሁላችንም የምናወራው ስለ ኑረዲን ነበር፤ ስለ ጃኬቱ፣ ስለ ሲጋራው፣ ስለ አረማመዱ። ከመካከላችን አንዷ «ቆይ፣ ያቺ ሱዳናዊትስ?» ስትል ዝም አልን። ረስተናታል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚያች ዝምታ ምክንያት ነው።

የወንጀል ፊልም ሦስት ውሸቶችን ያስተምራል እንላለን። አንደኛ፣ ወንጀል ማለት አንድ ሬሳ ነው ይላል፤ ሬሳው ካልታየ ወንጀል የለም። ሁለተኛ፣ ወንጀለኛ ማለት አንድ ክፉ ሰው ነው ይላል፤ እሱ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ ፍትሕ ማለት የመጨረሻዋ ጥይት ናት ይላል። ጥይቷ ከተተኮሰች በኋላ መብራት ይበራል፣ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል፣ ምስክሩም ይረሳል።

ይህ የፊልም ነገር ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልተጨነቅን ነበር። ዳሩ ግን በዚህ አገር፣ ይልቁንም በእኛ በወሎ፣ ይህ ድርሰት በእውነት ተሠርቶ ታይቷል። ፊልምም ነበረበት።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን ጎዳና ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐይቅን አልፎ፣ በአምባሰል ሥር ውጫሌን ዘልቆ ወደ መርሳ ይቀጥላል። በ1965 ዓ.ም. ድርቅ ያራቆተው የወሎ ገበሬ ከየቀዬው ወጥቶ የተሰለፈው በዚህ ጎዳና ዳርና ዳር ነው፤ መኪና አስቁሞ ሊለምን። ብዙው እዚያው ቀረ። በዚያ ረኀብ ስንት ሰው አለቀ ሲባል ግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይለያያል። ልዩነቱን ተመልከቱ! በውል የቆጠረ አልነበረም ማለት ነው። የቪዲዮ ቤቱ ፊልም ለአንድ ሬሳ ሁለት ሰዓት ይሰጣል፤ እዚህ ለሺዎች ሬሳ ቁጥር እንኳ አልተሰጠም።

ታዲያ ገዳዩ ማን ነው? ወንድማችን፣ በል መርማሪህን አምጣው! ሽጉጥ የለም፣ ጩቤ የለም፣ የጣት አሻራ የለም። «ድርቅ ነው የገደላቸው» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ ግን «ሟች ራሱን ገደለ» ብሎ ፋይል እንደ መዝጋት ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ ድህነትንና ረኀብን በመረመረበት መጽሐፉ የእኛን የወሎን ፋይል ከፍቶ አገላብጦታል። ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። በወሎ ምርቱ ወድቆ ነበር፤ በአገሪቱ በጠቅላላው ግን የምግቡ መጠን ያን ያህል አልቀነሰም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም። እንዲያውም ከወሎ የወጣ እህል ነበር። የታጣው የሚገዛበት ገንዘብ ነው። ማሳው የደረቀበት፣ በሬው የሞተበት ወይም በርካሽ የተሸጠበት ገበሬ ከተራበ ወገኑ ሌላ የሚሸጥለት አልነበረውም። ገበያ ውስጥ እህል እያለ ሰው በረኀብ አለቀ።

ከመካከላችን የአንዱ አያት የአምባሰል ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። አንድ ቀን ቡና እያፈሉልን፣ ቶናው ላይ ስንደርስ፣ ስለነዚህ ፊልሞች ስንጨቃጨቅ ሰሙንና «ምንድን ነው የምትባባሉት?» አሉ። ነገርናቸው። «ገዳዩ ሲገኝ ያልቃል በሉኛ» አሉ። «አዎ እማማ» አልናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉን። «እኛስ ማንን እንበል? እህል የጫነ መኪና ባጠገባችን ያልፍ ነበር። ሾፌሩን እንዳልል ተቀጣሪ ነው። ነጋዴው ገዝቶ ነው የጫነ። ጭቃ ሹሙም ግብር ነው የጠየቀ። ሁሉም ሥራውን ነው የሠራው። አባቴ ግን ሞተ።» ይህን ብለው በረካውን ቀዱልን። የሚናገር አፍ አልነበረንም።

«ሁሉም ሥራውን ነው የሠራው፤ አባቴ ግን ሞተ።» ወንድማችን ሊሠራው የሚፈልገው ፊልም እዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ግን አንድ ሬሳና አንድ ሹም ይዞ አይደረስበትም።

ከላይ ያሉት አያውቁም ነበር ወይ? ያውቁ ነበር። የሰብሉን መጥፋት የሚያስጠነቅቅ ጥናት በግብርና ሚኒስቴር እጅ ነበር። የመንግሥት ስም እንዳይጠፋ ተብሎ የሕዝብ መጥፋት ተደበቀ። ፋይሉን መጀመሪያ የከፈተው ማን ነው? ሽጉጥ የታጠቀ መርማሪ አይደለም። በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው፤ በ1965 ወሎ ሄደው ያመጡትን ፎቶግራፍ ግቢያቸው ውስጥ ለሕዝብ ያሳዩት። እንደኛው የምሳ ወረፋ የሚጠብቁ፣ እንደኛው ጽሑፍ በስቴንስል የሚያባዙ ልጆች ነበሩባቸው። ይህን መርሳት አይገባንም።

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረኀብ» ያለው ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ሰማ። አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ግን እንደነበረ አልቀረበም። የሚሞተው ሕዝብ ምስልና የቤተ መንግሥቱ ድግስ ምስል እየተሰባጠረ ተቀጣጥሎ ነበር። ልጅ ሲሞት ይታያል፤ ቀጥሎ ብርሌና ኬክ ይታያል። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ልብ በሉ! በዚያ ፊልም የታየው ሐሰት አልነበረም። ረኀቡም እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። ጥያቄያችን ሁለቱን እውነት ስለቀጠለው መቀስ ነው። መቀሱ በመካከል ያለውን ሁሉ ቆርጦ ጣለው። የመሬቱን ሥሪት፣ ግብሩን፣ ገበያውን፣ ዘገባውን ከመሳቢያ የከተተውን እጅ፣ ዝም ያለውን ቢሮ ሁሉ ቆርጦ ጣለና ሬሳንና አንድ ሽማግሌን ብቻ ፊት ለፊት አስቀመጠ። የቪዲዮ ቤት ፊልም ሠራ። ወሎ ሬሳ ሆነ፤ ንጉሡ ወንጀለኛ ሆኑ፤ ደርግ አክተር ሆነ። አክተርም አይሞትም።

ቀጥሎ የመጨረሻዋ ጥይት መጣች። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ጥፋተኞች ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ማን ምን ያህል ነበረበት? ይህን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራውን ይዞ ነበር። ሰነድ እያገላበጠ፣ ሰው እየጠየቀ ነበር። ጥይቱ የገደለው ሰዎቹን ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውንም ገደለው። ዘገባውን የደበቀው ማን ነበር? ማን ፈረመ? ማን አትርፎ ሸጠ? ሙት አይመሰክርም። የአምባሰል ገበሬ በችሎት ፊት ቆሞ «አባቴን ማን ገደለው?» ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ከእነርሱ ጋር ተቀበረ።

«ይገባቸዋል! የእጃቸውን አገኙ!» የሚል ይኖራል። እሺ፤ እንግዲያው አሥር ዓመት ወደፊት እንሂድ። መስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በደማቅ ሰልፍ ስታከብር ወሎ እንደገና ይራብ ነበር። ያው ጎዳና ወልድያን አልፎ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ኮረም ይደርሳል፤ ኮረም ያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። መሐመድ አሚን እዚያ የቀረጸው፣ ማይክል በርክ ያቀረበው ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ ታየ። በዚያም ረኀብ ነበር፣ በዚህም ድግስ ነበር። አንድ መቀስ የያዘ ሰው ቢገኝ ያንኑ የ1967ቱን ፊልም እንደገና መቀጠል ይችል ነበር፤ ድግሱን ብቻ መለወጥ ነው። ወንጀለኛ የተባለው ሞቶ ወንጀሉ ከቀጠለ፣ ወንጀለኛው አንድ ሰው አልነበረም ማለት ነው። የመጨረሻዋ ጥይት ውሸት መሆኗን ያረጋገጠልን መጽሐፍ አይደለም፤ የራሳችን ሁለተኛ ረኀብ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር አናልፈውም። «ወንጀለኛው አንድ ሰው አይደለም ካላችሁ ማንም አይጠየቅ ልትሉ ነዋ! ሥርዓቱ ነው እያላችሁ ሌባውን ልታስመልጡ ነው!» እንባላለን። ኧረ በፍጹም! እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው። አንድ ሰው ሲገደል ሌላው ሁሉ ያመልጣል፤ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ውሻ ሁሉ ጀግና ይሆናል። እኛ ግን ሁሉም ይጠየቅ እንላለን፤ ዝም ያለውም፣ የደበቀውም፣ የሸጠውም፣ እያንዳንዱ በፊርማው ልክ። ይህን ደግሞ ችሎት እንጂ ጥይት አይችለውም።

እንዲህ ያለ ፊልም ሊሠራ ይችላል ወይ? ይቻላል፤ ተሠርቷልም። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሮሲ በ1963 እ.ኤ.አ. «እጆች በከተማዋ ላይ» የተባለውን ሠራ። ኔፕልስ ከተማ ውስጥ ሕንፃ ይደረመሳል፣ ሰው ይሞታል። አጣሪ ኮሚቴ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። በየቢሮው ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ፊርማውም ማኅተሙም በቦታው አለ። ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ሕንፃው ግን ወድቋል። የአምባሰሏ እማማ ይህን ፊልም አላዩትም፤ ሆኖም ከሮሲ ጋር አንድ ቃል ተናግረዋል። ባለ ሕንፃው በመጨረሻ አይገደልም፤ ይሾማል። ፊልሙን ያየነው ልባችን ሳይረካ ነው የተነሣነው፤ ስላልረካም ማሰቡን አልተውንም።

የግሪክ ተወላጁ ኮስታ ጋቭራስ በ1969 እ.ኤ.አ. የሠራው «ዜድ»ም አለ። መነሻው በ1963 እ.ኤ.አ. ተሰሎንቄ ውስጥ የተገደለው የምክር ቤት አባል ግሪጎሪስ ላምብራኪስ ነው። መርማሪው ዳኛ መሣሪያው የሚያስጽፈው የምስክር ቃል ብቻ ነው። በዚያ ጄኔራሎቹን ለክስ ያበቃቸዋል። ተመልካቹ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ ወታደሮች ሥልጣን እንደያዙ ይነገረዋል። ያነሣውን እጁን ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለው ፊልም ነገ ጠዋት ምን ልታደርግ ነው ብሎ ይጠይቃል።

ከእኛም ዘንድ አለ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው በዚያው በ1966 የለውጥ ወራት፣ ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ ነው። እዚያም እብድ የሚባለው ከበበ ባለርስቱን ይገድለዋል። ግን ኃይሌ ወደዚያ ግድያ ከማድረሱ በፊት ብዙ ሰዓት ያሳየን እርሻውን፣ ሸክሙን፣ ቁጣን የዋጠውን ዝምታ ነው። ግድያው መፍትሔ ሆኖ አይታይም፤ የሸክሙ ክብደት ሆኖ ይታያል። በ2006 የወጣው «ድፍረት» ደግሞ ጠላፊዋን የገደለች ልጅ ታሪክ ሲሆን የሚያበቃው በጥይት ሳይሆን በፍርድ ነው። ይሁን እንጂ እሱም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ታገደ፤ አቤት ያለችው የታሪኩ ባለቤት ራሷ ነበረች። ደግ ፊልም እንኳ ምስክሩን ሊረሳ ይችላል። ሳልዋን እኛ ብቻ አይደለንም የረሳናት።

አሁን ወደ አምባሰል እንመለስ። ወንድማችን አምባሰልን የፈለገው ለሩጫ ነው፤ ገደሉ ለመውደቂያ፣ ሐይቁ ለሬሳ መጣያ። አምባሰል ግን የራሱ ፋይል ያለው አገር ነው። ውጫሌ አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ ውል ተዋዋሉ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ወደሚል ግዴታ ለወጠው። መሣሪያው አንድ ግሥ ነበር! በዚያች ግሥ አገር ሊወሰድ ነበር፤ ነገሩ የተቆረጠው የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ፣ በብዙ ሺህ ሰው ደም ነው። የቋንቋ ተማሪዎች ነን እኮ! ይህን ወንጀል ከእኛ በላይ ማን ሊመረምረው ነው? ከሐይቁ ማዶ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ መጻሕፍት የተገለበጡበት ገዳም ነው። ይህን ያህል ዘመን ብራና ጠብቆ ያቆየ አገር ልጆች ፋይል መክፈት ሊያቅተን አይገባም።

ይህን ሁሉ የምንለው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በዚሁ ጎዳና ወርዶ ሐይቅንና አምባሰልን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ያየነውን አይተናል፤ ያጣነውን አጥተናል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ከተዘረፉት አንዱ ነበር። ይህም አንድ ቀን ፊልም ይሆናል፤ አይቀርም። ያን ቀን መቀሱን የያዘው ሰው የሚመቸውን ቆርጦ ሲቀጥል፣ አንድ ሕዝብ በሙሉ ወንጀለኛ፣ ሌላው በሙሉ አክተር እንዳይሆን እንፈራለን። ወንጀለኛ ስም ያለው፣ ሥራው በማስረጃ የሚነገር ሰው ነው፤ ሕዝብ ወንጀለኛ አይባልም። የመጨረሻዋ ጥይት ደግሞ ሕዝብ ላይ ስታነጣጥር ምን እንደምትመስል ለማንም መንገር አያስፈልግም። ለዚህ ነው ነገሩ የፊልም ምርጫ ብቻ አይደለም የምንለው።

ስለዚህ ለወንድማችን የምንለው ይህ ነው። ፊልሙ ይሠራ! እኛም ካሜራውን እንሸከማለን። ግን ሬሳውን ከሐይቁ ከማውጣታችን በፊት ሰዎቹን እንጠይቅ። የእረፍት ጊዜ ሲመጣ እያንዳንዳችን ከየሰፈራችን፣ ከየቀበሌያችን፣ ያዩትን የሚናገሩ አንድ ሰው ዘንድ ሄደን ቁጭ ብለን እንጻፍ፤ ስማቸው እንዲጠራ ካልፈለጉ አንጥራው። የእህሉ ዋጋ ስንት ነበር? መኪናው ወዴት ሄደ? አቤት ያሉት የት ነው? ማን ምን መለሰላቸው? ከዚህ የሚወጣው ጽሑፍ ልብ ላያንጠለጥል ይችላል። እውነቱ ራሱ ተንጠልጥሎ ቆይቷልና ግድ የለም።

እማማ ዘንድ ተመልሰን ሄደን ነበር፤ ደብተር ይዘን። «እንዴ፣ ትጽፉታላችሁ?» አሉ። «እንጽፈዋለን» አልን። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ከአባታቸው ስም ጀመሩ።

መልስ ያለው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እትም ገጹ ክፍት ነው።